ከሦስተኛው ዜማ በኋላ

ሰውየው የተገኘው መሰላሉ ሥር ወድቆ፣ ግንባሩን የድምፅ ማጉያው ጠርዝ መትቶት ነው። በሦስቱ ግድግዳ የተደረደሩት የሙዚቃ ሸክላዎቹ ግን አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ጡረታ የወጣ የሬዲዮ ሰው ነበር፤ በጃዝ ያበደ፣ ያውም በእንግሊዞቹ ጃዝ። ሊደመጡ ይገባቸዋል ስላላቸው አሥር የእንግሊዝ አልበሞች የሚጽፈውን መጽሐፍ ለመጨረስ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ፖሊሶቹ «ከመሰላል ወድቆ ነው» ብለው ፋይሉን ሊዘጉ ሲሉ መርማሪዋ ደረሰች። ባልደረቦቿ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውላታል፤ ጥያቄዋ አያልቅማ።

«እማማ፣ ባለቤትዎ መሰላል ይወጡ ነበር?» አለቻት ሚስቱን።

«ጉልበቱን ከታመመ አምስት ዓመቱ፣ ልጄ። የሚወዳቸውን ሸክላዎች ሁሉ እጁ የሚደርስበት ያወረድኩለት እኔ ነኝ።»

«ትናንት ከሰዓት ምን ሰሙ?»

«እዚህ ጎን ክፍል ልብስ እሰፋ ነበር። ጓደኛው መጣ፣ ሳክስፎን ነፊው። ይህን ሙዚቃ ቤታችን ያስገባው እሱ ነው፤ ከእንግሊዝ ሲመለስ በካሴት የተቀዳ አመጣልን። ሸክላ አስገቡ። ድምፃቸው ከፍ ሲል የተለመደው ክርክራቸው ነው ብዬ ተውኳቸው። ከዚያ ሙዚቃው አለቀና የማጫወቻው መርፌ ሸክላው መጨረሻ ላይ ቂጭ ቂጭ ሲል ሰማሁ። የበሩንም ድምፅ ሁለቴ ሰማሁ፤ ማን እንደገባ ማን እንደወጣ አላየሁም። ባሌ ቤቱ ቢቃጠል መርፌ ሳያነሳ አይወጣም። የምሰፋውን ጠርዝ ልጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ። ምነው ያኔ ብነሳ ኖሮ!»

ሸክላው አሁንም ማጫወቻው ላይ ነበር፣ አንደኛ ገጹ ወደ ላይ ሆኖ። መርፌውን ያነሳችው ሚስቱ ራሷ ናት፣ ሬሳውን ካየች በኋላ። ከመጽሐፉ ረቂቅ ደግሞ የመጀመሪያው አልበም፣ የዚሁ ሸክላ፣ ወረቀት ጠፍቷል። በታይፕ የምትመታለት ሚስቱ ስለነበረች፣ ከመሳቢያዋ የካርቦን ቅጂውን አውጥታ ለመርማሪዋ ሰጠቻት። መርማሪዋ ሁለቴ አነበበችውና መለሰችላት።

ሸክላ የሚሸጥለት ነጋዴ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። ባለፈው ወር ድጋሚ የታተመ ሸክላ የመጀመሪያ እትም ነው ብሎ ሸጦለት ተጣልተው ነበር።

«ትናንት ይቅርታ ልጠይቀው መጥቼ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ብጣራ ዝም። ተኝቶ ነው ብዬ ዘግቼው ሄድኩ።»

ሳክስፎን ነፊው ግን ደረቱን ነፍቶ ነው የተቀመጠው።

«የሰማነው የኔን ሸክላ ነው። ሦስተኛው ዜማ ላይ ያለውን ሶሎ፣ የሳክስፎኑን የብቻ ጨዋታ፣ የነፋሁት እኔ ነኝ፣ ለንደን፣ በሃያ አራት ዓመቴ። ሽፋኑ ላይ ስማችንን አልጻፉልንም እንጂ።»

«እርስዎ ሲወጡ እሳቸው በሕይወት ነበሩ?»

«እንዴታ! ሦስተኛው አለቀ፣ ትንፋሽ እንኳ ሳይሰጠን አራተኛው ተከተለ። ሁለታችንም ከወንበራችን አልተነሳንም። እሱ በእግሩ ምቱን እየመታ ትቼው ወጣሁ።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መርፌውን ሦስተኛው ዜማ ላይ አሳረፈችው። ሳክስፎኑ አለቀሰ፣ ከበሮው ተከተለው፣ አለቀ። ከዚያ ቂጭ፣ ቂጭ፣ ቂጭ።

«ምን እየጠበቅን ነው?» አለ ነጋዴው።

«አራተኛውን።»

«ካልተገለበጠ ከየት ይመጣል? አራተኛው በጀርባው ነው!»

የሳክስፎን ነፊው ፊት አመድ መሰለ።

«ለምን አልመጣም ጋሼ?» አለች መርማሪዋ በለስላሳ ድምፅ። «ካሴቱ ላይ ይመጣል፤ አዳምጬዋለሁ፤ የቀዳው ሰው መቅጃውን አቁሞ ሸክላውን ገልብጦታል። እርስዎ የሚያውቁት ካሴቱን ነው። የነፋበት ሰው የገዛ ሸክላው የት ላይ እንደሚያልቅ ይጠፋዋል? ለምን ጉልበታቸውን የታመሙ ሰው መሰላል ወጡ? ለምን ሙዚቃው ሲያልቅ መርፌውን አላነሱም? ሦስተኛው ሳያልቅ ስለሞቱ ነው። ነጋዴው በኋላ መጥቶ ገደለ እንዳንል፣ ሦስተኛው ሲጫወት እዚህ የነበሩት እርስዎ ነዎት፤ እንዳሉትም አራተኛው ሲጫወት ከነበረ ሸክላው ተገልብጦ በተገኘ ነበር። መሰላሉን ያቆሙት፣ ወረቀቱንም የወሰዱት እርስዎ ነዎት።»

ሳክስፎን ነፊው ቂጭ ቂጭ የሚለውን መርፌ ተመለከተ።

«ሸክላው ከተቀዳበት ስቱዲዮ ደብዳቤ መጣለት» አለ በመጨረሻ። «የነፋው ሌላ ሰው ነው። እኔ ያን ጊዜ እዚያው ስቱዲዮ ወለል እጠርግ ነበር። አርባ ዓመት በዚያ ሶሎ ኖሬያለሁ! ለልጆቼ ምን ልበላቸው? የጻፈውን ወረቀት ሲያሳየኝ ገፈተርኩት። አንዴ ብቻ።»

«እስከ ታች አነበብከው?» አለች ሚስትየው።

«ምን ቀረው? ‹የነፋው ጓደኛዬ አይደለም› ይላል።»

ቅጂውን ከመቀነቷ አወጣች። አነበበችለት። «ነገር ግን ያን ካሴት ባያመጣልኝ ኖሮ ይህ ሙዚቃ መኖሩን ሳላውቅ እሞት ነበር። መጽሐፉ ለእሱ ይሁንልኝ።»

ሰውየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«እስቲ ድገሚልኝ፣ እህቴ» አለ።

አልደገመችለትም። ወደ ማጫወቻው ሄዳ፣ ከትናንት ወዲያ ዘግይታ ያነሳችውን መርፌ አነሳች።