ከሉላ የመጣው ክፍያ

ልብ ወለድ ነው የሚለኝ ይበል። እኔ ግን እዚያው ነበርኩ...

በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መቀሌ ዓይደር፣ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ።

ፀደይ እባላለሁ።

ሉላ አብራኝ ትሠራ ነበር። ኅዳር ላይ ወደ ቃላሚኖ በሚወስደው መንገድ መኪና ገጭቷት አመለጠ። መጀመሪያ የደረሰላት መሓሪ ነው፤ ከጎናችን ባለችው ሱቅ ሞባይል የሚጠግነው።

«ስደርስ ሞታ ነበር» አለን።

በቀብሯ ቀን እንደሱ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። እናቷ አደይ እታለም እጁን ይዘው መረቁት።

ስልኳ ግን አልተገኘም። የገጫት ሰው ወስዶት ይሆናል ተባለ። የስልክ መስመሯንም፣ የምትከፍልበትንም ሒሳብ ከአደይ እታለም ጋር ሄደን አስዘጋን። ተዘግቷል ሲሉን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያን ቅዳሜ መሓሪ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ፀደይ ሓፍተይ፣ የራስ ምታት ክኒን ስጪኝ።»

ሰጠሁት።

ስልኩን አወጣ። ሽፋኑ አዲስ ነው... ካሜራው አጠገብ ያለው ጭረት ግን አዲስ አልነበረም። ሉላ እዚሁ ሲሚንቶው ላይ ስትጥለው ያነሳሁላት እኔ ነኝ።

የክኒኑን ዋጋ ነገርኩት።

መሓሪ ስልኩን አልከፈተውም። በተቆለፈው ስክሪን ጥግ ላይ ያለችውን ምልክት በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጋት መክፈያው መጣ። ይቺን አቋራጭ ለሰፈሩ ሁሉ ያሳየው እሱ ነው። ለሉላም ያስተካከለላት እሱ ነው። «ለትንሽ ነገር የይለፍ ቃል ምን ያደርግልሻል?» ሲላት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኮድ ስካን አደረገ።

ታብሌታችን ክፍያ ሲገባ የከፋዩን ስም ጮክ ብሎ ያነባል።

«ክፍያ ደርሷል... ከሉላ ሃይለማርያም።»

መሓሪ ስልኩን ከኮዱ ላይ አነሳ።

«ሲስተሙ ነው» አለ መሓሪ ቀስ ብሎ። «አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ሒሳቡ የኔው ነው።»

ታብሌቱን ወደ እኔ አዞርኩት። ከስሟ ሥር፣ የክፍያው ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ፣ ሁለት ቃል ተጽፏል።

«ሰው ጥራልኝ።»

እሱ እንዳያየው ታብሌቱን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«አልገባም ይላል። እንደገና ክፈል።»

ዋሸሁት። ሉላ የጀመረችውን እንድትጨርስ ፈለግሁ።

አውራ ጣቱን አንቀሳቀሰ። ታብሌቱ በዚያው ደረቅ ድምፁ ስሟን ጠራ። ከሥሩ...

«አልሞትኩም። እያየኸኝ ነው።»

ቀና ብዬ አየሁት። ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ ነው።

«ድገመው» አልኩት።

«ይቅር፣ በጥሬው ልስጥሽ...»

«ድገመው፣ መሓሪ።»

አልነካውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን ሰበሰበ። ምልክቷ ግን በተቆለፈው ስክሪን ላይ ቀስ ብላ... ወደ ላይ ወጣች። በማንም ጣት አይደለም።

አሁን የተሰማው የታብሌቱ ድምፅ አልነበረም። ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ድምፅ ነው።

«ኪስህ አትክተተው... መጀመሪያ ደውልልኝ።»

መሓሪ ወደ ኋላ አፈገፈገና ከመደርደሪያው ጋር ተጋጨ።

«ከእጇ ወሰድከው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«የምትተርፍ አልመሰለኝም...»

«ታወራህ ነበር?»

ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም።

«ምን አለችህ?»

«ስሜን... ስሜን ብቻ ነበር የምትጠራው።»

የአደይ እታለም ምርቃት ጆሮዬ ላይ አለ። ዓይደር ሆስፒታል ከዚያ መንገድ ምን ያህል ይርቃል? አንድ ጊዜ ቢደውል ምን ነበረበት?

«ስልኩን ውሰጂልኝ» አለ። «ለእናቷ ስጪያቸው። በእናትሽ፣ ፀደይ።»

ስልኩን አነሳሁት። ሞቅ ብሏል፤ ሰው ጨብጦት እንደቆየ።

ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተትኩለት።

«ያንተ ነው» አልኩት። «ያዘው።»

ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ባዶ ባጃጅ መጥታ ቆመችለት። ከኋላ ብቻውን ገባና መሀል ላይ ተቀመጠ። ከዚያ... ጠጋ በል እንደተባለ ሰው ወደ ጥግ ተንፏቀቀ። እንደገና ተንፏቀቀ። ትከሻው ከብረቱ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ።

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ልጠራው እችል ነበር።

አልጠራሁትም።

ባጃጇ ገና እንደተነሳች ከፊት ለፊት ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ለማስቆም እጇን ዘረጋች። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ አንገቱን ወደ ኋላ አዞረ። ከመሓሪ ጎን ያለውን ባዶ ወንበር ለአፍታ አየው።

«ይቅርታ እናት» አላት። «ሞልቷል።»