ሳይጠፋ ተሻገረ የተባለው ማሽን

የሰርቨር ክፍል ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እዚያ የሚገባ ሰው ጃኬቱን አይረሳም። ኢያሱ ግን የሞተው በሸሚዝ ብቻ ነው። ኢንስፔክተር ሸሪፋ አትላስ አካባቢ ካለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ደርሳ ሬሳውን ስታይ መጀመሪያ የከነከናት ይኸው ነበር። ልጁ በውስጥ በኩል፣ ከበሩ ሥር በጎኑ ወድቋል። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው። ጃኬቱ ደግሞ ከበሩ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ በቆመ ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል።

«የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ነው የጨረሰው» አሉ የድርጅቱ ባለቤት አቶ ገብረዋሕድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሥራው እንዴት እንደሄደ ለማየት ብቅ ሲሉ ነው ሬሳውን ያገኙት፤ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። «እሳት የሚያጠፋ ጋዝ ሰው ካለበት ትንፋሽም ያጠፋል። ጭስ ጠቋሚው ተሳስቶ ለቆት ይሆናል። የእግዜር ሥራ ነው እንግዲህ።»

ሸሪፋ የእግዜር ስም ሲነሳ መጀመሪያ የሰው እጅ መፈለግ ልማዷ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጋዙን በእጅ የሚለቅ ማንሻ ያለባት ቀይ ሳጥን አገኘች። ማንሻው በቦታው ነው፤ የታሸገበት ቀጭን ሽቦ ግን ተበጥሷል።

የአቶ ገብረዋሕድ ድርጅት «አገልግል ዳታ» ይባላል። ባለሱቁም ባለመሥሪያ ቤቱም የራሱን ኮምፒውተር ከሚገዛ ከዚህ ይከራያል። በአንድ ትልቅ ሰርቨር ሆድ ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ተደራርበው ይኖራሉ፤ በእጅ አይዳሰሱም እንጂ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። ያን እሑድ ጠዋት ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲዛወሩ ነበር። ሥራውን የሚመራው ኢያሱ ነበር። ከእሱ በታች አሌክስና ናዲያ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች አሉ። የደንበኞችን ስልክ የምትቀበለው ፀጋ ደግሞ የኢያሱን ቀለበት ካሰረች ገና ወር አልሞላትም።

ሸሪፋ መጀመሪያ አሌክስን አስጠራች። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ የተተኮሰ ጎልማሳ ነው።

«የት ነበርክ?»

«ታች ካፌ። ላፕቶፔን ይዤ ማሽኖቹን እያሻገርኩ ነበር። ኢያሱ ውስጥ ገመድ ይሰካል፣ እኔ ከታች አዛውራለሁ። እስኪያልቅ ድረስ ዓይኔን ከስክሪኑ አላነሳሁም።»

«ስታሻግራቸው አጥፍተህ ነው?»

አሌክስ ፈገግ አለ። «ኧረ በፍጹም! እየሠሩ ነው። ላይቭ እንለዋለን። ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ይሻገራል። አንድም ደንበኛ ነቅነቅ አላለም።»

«ይሄን በር የሚያዘውስ ማን ነው?»

«እሱም ከማሽኖቹ አንዱ ነው። በሩ፣ ከውስጥ የሚከፍተው መጫኛ፣ ጭስ ጠቋሚው፣ ሳይረኑ፣ ሁሉም ከእሱ ነው ትእዛዝ የሚቀበሉት። ላይቭ ስላሻገርኩት ለሰከንድ አልጠፋም። ጠቋሚው ሲሳሳት ሳይረኑ ጮኋል፤ እሱ ግን ጆሮውን ደፍኖ ሙዚቃ ይሰማል። ስንቴ ነግሬዋለሁ።»

«የማንሻው ሽቦ ተበጥሷል።»

«ኧ… ባለፈው ጥገና ጊዜ ይሆናል።» ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ «ሰው ጎትቶት ከሆነ ግን ፀጋን ጠይቋት። ቅዳሜ በናዲያ ምክንያት ሲጣሉ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል። ቀለበት አስሮላት…» ቀለበት ሲል መንጋጋው ጥብቅ አለ፤ ቃሉንም ሳይጨርስ ዋጠው።

ሸሪፋ ያችን መንጋጋ ልብ አለቻት። ቅናት ለእሷ እንግዳ አይደለም። በእጇ ያሠለጠነችው ሱሌማን ዛሬ ኮማንደር ሆኖ ያዛታል፤ እንኳን ደስ ያለህ ስትለው የእሷም መንጋጋ እንዲሁ ጥብቅ ብሎ ነበር።

ፀጋን ያገኘቻት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው። ቀለበቱን ታወጣዋለች፣ ትመልሰዋለች።

«የሕንፃው ጥበቃ ጠዋት ማሽኖቹ ሲዛወሩ ወጥተሽ እያለቀስሽ እንደወረድሽ ነግሮኛል።»

«አልዋሽም። ይቅርታ ልጠይቀው ነው የመጣሁት። ጃኬቱን ወንበሩ ላይ አየሁት፤ ውስጥ መሆኑን አወቅኩ። ካርዴን በሩ ላይ ባስጠጋው እምቢ አለኝ። ሁልጊዜ የሚከፍትልኝ በር! መብራቱ እንኳ አልበራም። ሰርዞኛል አልኩ። ከናዲያ ጋር ተዘግተው ነው አልኩ።»

«ናዲያ እኮ አያት ሰፈር፣ የእህቷ ኒካህ ላይ ነበረች።»

«አሁን ነው የሰማሁት፣ ኢንስፔክተር። ቅናት ሲይዘኝ እብድ ነኝ።» ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «የሆነ ድምፅ ነበር… ጎማ ሲተነፍስ ዓይነት። ማቀዝቀዣው መሰለኝ። ጥዬው ሄድኩ። ሰርዞኝ ነው የሞተው!»

ከሰዓት በኋላ ሱሌማን ደወለ። «ሸሪፍዬ፣ ምን ታንዘላዝይዋለሽ? ተጣልተዋል፣ ቦታው ላይ ነበረች፣ በሩን ዘግቶባታል። ነገ ጠዋት ልጅቷን አስገቢያት።»

«ነገ ራስህ ና፣ ኮማንደር። ካቴናም ይዘህ ና።» የማንን እጅ እንደሚያስር ግን አልነገረችውም፤ ገና እሷም አላረጋገጠችም።

ሸሪፋ ከሕንፃው ሳትወጣ ካፌው ጎራ አለች። ሊሊ የምትባለው አስተናጋጅ አሌክስን በደንብ ታስታውሰዋለች። «ላፕቶፑን ‹እዪልኝ› ብሎኝ ወጣ። ሽንት ቤት መስሎኝ ነበር። ማኪያቶው ሳይነካ ቀዘቀዘ። ሲመለስ ሌላ አዘዘኝ።»

ከዚያ መገናኛ ወረደች። እሑድም የማይዘጋ የጫማ ሱቅ ያላት ፈሂማ የአገልግል ዳታ ደንበኛ ናት። ስሙን ስትሰማ ብቻ ወገቧን ያዘች።

«አያቋርጥም ብለው ማሉልኝ እኮ! ደንበኛዬ ጫማውን አጥልቆ ደረሰኝ ሲጠብቅ፣ ድርግም! ሲመጣ ደግሞ እንደማያውቀኝ ሁሉ ‹ስምሽን አስገቢ፣ የይለፍ ቃልሽን አስገቢ› አለኝ። የጀመርኩት ሒሳብም የለም። ብደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ።»

ፀጋ እያለቀሰች ደረጃ ስትወርድ ስልክ ማን ያንሳ? ሸሪፋ ይህን በልቧ ይዛ ባቡሩን ተሳፍራ አያት ሄደች። ናዲያ የእጇ ሂና ገና አልደበዘዘም፤ ዓይኗ ግን አብጧል።

«ናዲያ፣ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። እየሠራ ያለ ማሽን ሳይጠፋ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ ይሻገራል?»

«ሁለቱ ሰርቨሮች ፕሮሰሰራቸው ከአንድ ኩባንያ ቢሆን ማንም ሳያውቅ ይሻገራል። የእኛ ግን አሮጌው ኢንቴል ነው፣ አዲሱ ኤኤምዲ።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ማሽኑ ሲነሳ ፕሮሰሰሩ ምን ምን እንደሚችል አይቶ ነው ሥራ የሚጀምረው። በመሃል ሌላ ኩባንያ ፕሮሰሰር ላይ ቢጥሉት የለመደውን ያዛል፣ አያገኝም፣ ይወድቃል። ሚኒባስ ሰው ጭኖ እየሄደ ሞተሩ ይቀየራል? ይቆማል፣ ሞተሩ ይቀየራል፣ እንደገና ይነሳል። ከኢያሱ ጋር ስንመክር የከረምነው ይህንኑ ነው። እንዴት በአጭሩ አጥፍተን እንደምናስነሳው። አቶ ገብረዋሕድ መጥፋት የሚባል ነገር መስማት ስለማይወዱ ተደብቀን ነበር የምናወራው።» አንገቷን ደፋች። «ፀጋ ሌላ ነገር መስሏት ነበር።»

«አሌክስ ይህን ያውቃል?»

«እንዴት አያውቅም? እሱ እኮ ከእኔ በፊት የነበረ ነው።»

«ወንበሩስ? ጃኬቱስ?»

ናዲያ በእንባ መሃል ፈገግ አለች። «የበሩ ማሽን ሊጠፋ ሲል በሩ እንዳይዘጋብን ወንበር እናስገባበታለን። ኢያሱ ሰው እንዳያነሳው ጃኬቱን ያንጠለጥልበታል። በብርድ ይንቀጠቀጣል እንጂ ወንበሩን ያለ ጃኬት አይተወውም።»

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። አቶ ገብረዋሕድ ወደ ግድግዳው፣ ናዲያ ከጎናቸው፣ አሌክስ እጁን አጣጥፎ፣ ፀጋ ከሁሉም ራቅ ብላ። ሱሌማን ካቴናውን ይዞ ከፀጋ ኋላ ቆሟል። ጃኬቱ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው።

«አቶ ገብረዋሕድ፣» አለች ሸሪፋ፣ «ለደንበኞችዎ አገልግሎቱ አይቋረጥም ብለው ቃል የገቡት ማንን አምነው ነው?»

«አሌክስን ነዋ። ‹ኢያሱ ማጥፋት ያምረዋል፤ እኔ ሳላጠፋ አሻግርልዎታለሁ› አለኝ።»

«አይችልም። ፕሮሰሰሮቹ ከተለያየ ኩባንያ ናቸው፤ የሚሠራ ማሽን በመካከላቸው አይሻገርም። ናዲያ ነግራኛለች፤ መገናኛ ያለችው ፈሂማ ደግሞ በሱቋ አይታዋለች። ማሽኖቹ ጠፍተው ነበር።»

«እሺ፣ የፈሂማን አጥፍቼው ይሆናል» አለ አሌክስ። «የበሩ ግን አልጠፋም። በሩ እምቢ ያላት ኢያሱ ስለሰረዛት ነው። ለዚያ ነው ተናዳ ማንሻውን የጎተተችው።»

ሱሌማን ወደ ፀጋ አንድ እርምጃ ቀረበ። ፀጋ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ናዲያ፣ ከትናንት ወዲህ በበሩ ፈቃድ ላይ አንድ ነገር የነካ ሰው አለ?»

«ማንም። እርስዎ እንዳሉት ዘግቼዋለሁ።»

«ፀጋ፣ ነይ። ካርድሽን አስጠጊ።»

«አይከፍትልኝም።»

«አስጠጊ እንጂ።»

ፀጋ ካርዷን በሩ ላይ አስጠጋች። አረንጓዴ መብራት በራ። በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

የሰርቨሩ ብርድ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«አልሰረዛትም» አለች ሸሪፋ። «ያን ሰዓት በሩ እሷን አይደለም እምቢ ያለው፤ ሰውን ሁሉ ነው። ምክንያቱም የሚያዘው ማሽን ጠፍቶ ነበር። እንግዲህ ተከተሉኝ። ማሽኑ ከጠፋ ጭስ ጠቋሚው ጋዝ ልቀቅ ብሎ ማዘዝ አይችልም። ስለዚህ ጋዙን የለቀቀው እጅ ነው፤ ማንሻው ደግሞ ያለው እዚህ ኮሪደር ላይ ነው። ማሽኑ ከጠፋ ሳይረን አይጮኽም፤ ኢያሱ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ ጆሮውን ቢያቆምም የሚሰማው ነገር አልነበረም። ማሽኑ ከጠፋ በሩ ከውስጥም አይከፈትም። ኢያሱ ይህን ስለሚያውቅ ነው ወንበር አስገብቶ ጃኬቱን ያንጠለጠለበት። ወንበሩ በራሱ ተነስቶ ግድግዳ አይጠጋም።»

«እሷ አንስታው ይሆናል!» አለ አሌክስ።

«ለምን ታነሳዋለች? ክፍት በር ላይ ካርድ የሚያስጠጋ ማን ነው? እሷ ስትደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ጋዙም እየተነፈሰ ነበር። ወንበሩን የሳበው ሰው በሩ አንዴ ከተዘጋ እንደማይከፈት ያውቅ ነበር። ያን የሚያውቀው ማሽኑን ያጠፋው ነው። ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ ካፌ ሆነህ። ማሽኑ በራሱ ጊዜ ወደ አዲሱ ሰርቨር ሲቀዳ ላፕቶፑን ለሊሊ አደራ ሰጥተህ ወደዚህ ወጣህ። ስትጨርስ ወርደህ ማሽኑን አዲሱ ሰርቨር ላይ አስነሳኸው። አቶ ገብረዋሕድ ሲመጡ በሩ እንደ ወትሮው ከፈተላቸው።»

«ሰው በወሬ አይታሰርም» አለ አሌክስ። ከንፈሩ ግን ደርቋል።

«ወሬውን ያመጣኸው አንተ ነህ። ሳላጠፋ አሻገርኩ ያልከው ጋዙ በስህተት የተለቀቀ እንዲመስል ነው። ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ገድለኸውም አልበቃህ፤ እሱ አልችልም ያለውን እኔ ቻልኩ ማለት አማረህ። ሬሳው ሳይነሳ ልትበልጠው ፈለግህ።»

አሌክስን የሰበረው ይህ ቃል ነው እንጂ ማስረጃው አይደለም። ፊቱ ደም መሰለ።

«በምን ይበልጠኛል?» ብሎ ጮኸ። «በምን? እዚህ ቤት የመጀመሪያዋን ገመድ የሰካሁት እኔ ነኝ! እሱ ትናንት መጥቶ አለቃ ይሆናል! ፀጋን በየምሽቱ አያት ድረስ በመኪናዬ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ዝናብ ሲሆን በሯ ድረስ! አንድ ቀን ግን ‹አመሰግናለሁ አሌክስ፣ ዛሬ ከኢያሱ ጋር ነኝ› አለችኝ። ከዚያ ቀለበት! ደግሞ ከናዲያ ጋር ሲንሾካሾክ አይቼ ‹ያታልልሻል› ብላት ከእሱ ጋር ተጣላች እንጂ ወደ እኔ ዞር አላለችም።»

ፀጋ ቀስ ብላ ዞረች። «ስለ ናዲያ የነገርከኝ… አንተ ነህ» አለች። አልጮኸችም። አሌክስ ዓይኗን ማየት አቅቶት አንገቱን ሰበረ።

«በመቅናትህ አልፈርድብህም» አለች ሸሪፋ። «ቅናቱን እኔም አውቀዋለሁ፤ ይሄ ያሠለጠንኩት ልጅ ኮማንደር ሲሆን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ግን ተነስቼ ሥራ ገባሁ።»

ሱሌማን ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጫማውን አየ፣ ከዚያም ከፀጋ ኋላ ወጥቶ ካቴናውን የአሌክስ እጅ ላይ አሰረ። ሲያልፍ «እትዬ ሸሪፋ፣ ይቅርታ» አላት፤ ድሮ ተማሪዋ ሳለ እንደሚጠራት። የአሳንሰሩ በር ተዘጋባቸው።

አቶ ገብረዋሕድ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ማሽኑ ሲጠፋ ከውስጥ የማይከፈተውን ያን በር በርካሽ የገዙበትን ቀን እየረገሙ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ናዲያ ፀጋን ልታቅፋት ቀረበች፤ ፀጋም «ይቅርታ…» ብላ ጀመረች። ናዲያ ግን ጠበቅ አድርጋ አቀፈቻት።

«ያን ጊዜ ብጮኽ ኖሮ፣ ሰው ብጠራ ኖሮ…» አለች ፀጋ።

ሸሪፋ አልዋሸቻትም። «ምናልባት። ግን የገደለው አሌክስ ነው፤ ያንቺ ቅናት አይደለም። ኢያሱ ደግሞ አልሰረዘሽም፤ በሩ አሁን ነግሮሻል።»

በሩ በራሱ ጊዜ ቀስ እያለ ሊዘጋ ነበር። ፀጋ ሮጣ በእጇ ያዘችው። በሌላ እጇ ወንበሩን ከግድግዳው ስባ አምጥታ በሩ መሃል አስገባችው፤ ወድቆ የነበረውን የጃኬቱን እጅጌም መለሰችና አስተካከለችው።