ለእድገት የተተወው ጨርቅ

ከትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ካሉት ሱቆች ሳቅ የማይጠፋው የልብስ ሰፊዋ ቤት ነበር። ሴትየዋ እጇ የሰላ ነው፤ አፏ ግን ከእጇም ይብሳል። ደንበኛዋን መሀል ወለል ላይ አቁማ፣ ሜትሩን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ልኩን መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ ለእህቷ ታስጽፋለች። ከዚያ ቀልድ ታክልበታለች። ለወፍራሟ፣ "እመቤቴ፣ አንቺን ዞሬ ለመጨረስማ ስንቅ ያስፈልገኛል!" ትላለች። ለቀጭኗ ደግሞ፣ "ይህን ቀሚስ ለአንቺ ልስፋው ወይስ ለመስቀያው?" ተራ ጠባቂው ይስቃል፣ የምትለካዋም ትስቃለች። የሳቀ ሰው አልተከፋም ማለት ነው፤ ሰፊዋ የምታውቀው ይህንኑ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጇን ቤተሰቡም ሰፈሩም "ድንቡሼ" ይላታል። ጉንጯ ሞላ ያለ፣ የቀረበላትን ሁሉ የምትበላ ልጅ ነበረች። ትምህርት ሊከፈት ሰሞን ሱቁ በተማሪዎች ጢም ብሎ ሳለ ተራዋ ደረሰና እናቷ ሜትሩን አዞረችባት።

"ኧረ ጉድ! ለአንቺስ ዩኒፎርም ሳይሆን መጋረጃ ነው የምሰፋልሽ!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ድንቡሼም አብራ ሳቀች። ነገር ግን ከኋላዋ ተራ ከሚጠብቁት መካከል የክፍሏ ልጆች ነበሩ። ትምህርት ሲጀመር "መጋረጃ" የሚል አዲስ ስም ክፍል ውስጥ ጠበቃት።

እናትየው ይህን አልሰማችም። የዩኒፎርሙን ጉርድ እንደ ሙያው ደንብ ሰፍታው ነበር። የልጅ ልብስ ሲሰፋ በሁለቱም ጎን ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይተዋል፤ ልጅ ያድጋልና፣ ሲጠብ ስፌቱ ተተርትሮ ይለቀቃል። የድንቡሼ ጉርድ ግን የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው።

ልጅቷ ጠዋት "አልራበኝም" ማለት ጀመረች። ምሳ ዕቃዋ ባዶውን ቢመለስም ምሳውን የሚበሉት ሌሎች ነበሩ። ማታ "ከጓደኞቼ ጋር በልቻለሁ" ብላ ክፍሏ ትገባና ስልኳ ላይ ወገበ ቀጫጭን ሴቶችን ስታይ ታመሻለች። አንድ ቀን ጉርዱን ይዛ ሱቅ መጣች።

"እማ፣ ሰፋኝ።"

"ቁመት እየሳብሽ ነዋ!" አለች እናት፣ ከስፌት መኪናው ሳትነሳ አጠበበችላት።

ልክ የምትጽፈው አክስቷም "እሰይ! ወገብ ማለትማ እንዲህ ነው። አሁን ገና ልጃገረድ መሰልሽ!" አለቻት። ድንቡሼ ፈገግ አለች። ጉርዱ እንደገና ሰፋ፣ እንደገና ጠበበ። ሰፊዋ ማጥበቧ ከውጭ እንዳይታወቅ አድርጋ ስለምትሠራው በእጇ ትኮራ ነበር።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ነርስ ስልክ ደወለች። ልጅቷ ደረጃ ስትወጣ አዙሯት ወድቃ ነበር። እናት እየሮጠች ስትደርስ ድንቡሼ ብርድ ልብስ ለብሳ ተኝታለች፤ ጉርዷ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

"በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ ይዛው ስለነበር እንዳይወጋት አወለቅኩላት" አለች ነርሷ። "እንዲህ መክሳት ከጀመረች ቆየች?"

"ኧረ አልከሳችም! እድገት ነው።"

ይህን እያለች ጉርዱን አነሳችና እንደ ልማዷ ገለበጠችው። የገዛ ስፌቷ አንዱ ካንዱ ጎን ተደርድሮ አየችው። ለእድገት የተተወው ጨርቅ እንዳለ ነው፤ ይባስ ብሎ ሌላ ተጨምሮበት እጥፉ እንደ ትራስ አብጧል። ልጇ ስታልቅ በገዛ እጇ እያጠበበች ስትሸፍንላት ኖራለች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ለምን፣ ልጄ?"

"መጋረጃ ነዋ የሚሉኝ።"

"ማነው እንዲህ የሚልሽ? ጥሪልኝና ልኩን ላሳየው!"

ድንቡሼ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። "መጀመሪያ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እማ።"

"እኔማ ስቀልድ ነው! አንቺስ ስቀሽ የለም እንዴ?"

"ሰው ሁሉ ሲስቅ ምን ላድርግ?"

ነርሷ ሐኪም እንዲያያት ላከቻቸው። ማታ አክስትየዋ "ትብላ እንጂ ምን ሐኪም ያስፈልጋታል? ቅብጠት ነው!" ስትል ሰፊዋ "ተይ እህቴ፣ ቅብጠቱ የእኛ ነው። እኔ ስቄባት አስራብኳት፣ አንቺ ደግሞ ስትራብ አጨበጨብሽላት" አለቻት።

"ወፈርሽ"፣ "ከሳሽ" ማለትን ከሰላምታ የምንቆጥር ብዙዎች ነን። ክፋት የለብንም፤ ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰውነቱ ገና በመሠራት ላይ ያለ ልጅ ደግሞ ከቤቱ የወጣን ቃል እንደ ፍርድ ይቀበላል።

ዛሬ በሱቁ ጥግ ደንበኛ የሚለካበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ልኩም የሚነገረው በሹክሹክታ ነው። ሳቅ ቀንሷል፣ ገበያው ግን አልቀነሰም። ድንቡሼ ግን በአንድ ጀምበር አልዳነችም። ሐኪም ቤት የተመላለሱበት፣ ሳህን ገፍታ ያለቀሰችበት፣ እናቷም ቀልዷን ትታ ከጎኗ የተቀመጠችበት ጊዜ ረጅም ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የጉርዷን ወገብ በእጇ እየጎተተች መጣች።

"እማ፣ ጠበበኝ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ሰፊዋ አፏ ላይ የመጣ ቀልድ ነበር። ዋጠችው። "አምጪው፣ ጨርቅ ሞልቶናል" አለችና ምላጯን አንስታ ስፌቱን መተርተር ጀመረች።