ቀማሿ ያጸደቀችው በርሜል

ዓይኑ የጠፋበትን ሰው እጁን ይዘው መንገድ ያሻግሩታል። ጆሮው የደከመውንም ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያናግሩታል። ሽታ የጠፋበትን ሰው ግን ማንም አያውቅለትም። እሱ ራሱ ካልተናገረ በቀር፣ ከሰው ጋር በልቶ፣ ከሰው ጋር ስቆ፣ ብቻውን ውሎ ይገባል።

ቀማሿ እንዲህ መዋል ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል። የያዛት ተራ ጉንፋን ነበር። አንድ ሳምንት አስተኛት፣ በስምንተኛው ቀን ተነሣች። ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉ ሄደ፣ ሽታም አብሯቸው ሄደ። መጀመሪያ «ይመለሳል» አለች። ሳሙና ታሸታለች፣ ሎሚ ልጣ ታሸታለች፣ የእናቷን የአንገት ሻርፕ አፍንጫዋ ላይ ጥምጥም አድርጋ ትተኛለች። ምንም። ጣፋጩ፣ መራራውና ጎምዛዛው ምላሷ ላይ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቶባታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይችለው ይሆናል። የእሷ እንጀራ ግን ወይን ጠጅ መቅመስ ነው። ከተራራው ወገብ ላይ ባለው የወይን ጠጅ ቤት ሰባት ዓመት ሠርታለች። የቤቱ ባለቤት ስሟን እርግፍ አድርገው ትተው «አፍንጫዬ» ነው የሚሏት። እናቷና ሁለት ታናናሽ እህቶቿ በዚያች አፍንጫ ይኖራሉ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ስለዚህ አራት ወር ሙሉ በዓይኗ ስትቀምስ ከረመች። የወይኑን ቀለም ታያለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰው ፊት ታያለች። ባለቤቱ ቀምሰው ቅንድባቸውን ከፍ ካደረጉ «ጥሩ ወጥቷል» ትላለች፤ ከንፈራቸውን ከሰበሰቡ «ትንሽ ይቆይ ጋሼ» ትላለች። እስካሁን አልተያዘችም።

ከሁሉ የከበዳት ባለቆቡን መዋሸት ነበር።

ባለቆቡ በርሜሎቹን የሚያጥበው፣ የሚሞላውና የሚጠብቀው ሰው ነው። ምድር ቤቱ ስለሚበርድ የሱፍ ቆቡ በጋ ከክረምት ከራሱ አይወርድም። ከሦስት ወር በፊት፣ አንድ ትልቅ በርሜል ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ሲያጥብ፣ ድምፁ ከውስጥ እያስተጋባ «ካገባሁ አንቺን ነው፤ ካልፈለግሽኝ ግን አሁኑኑ ንገሪኝና ልረፈው» አላት።

«ለበርሜሉ ነው ወይስ ለኔ?» አለችው።

ወጣ። ቆቡን አወለቀ። ከደረጃው ላይ ሆኖ ያየ አንድ ሠራተኛ «ፀጉር እንዳለው ያወቅነው ያን ቀን ነው» እያለ ወሬውን ለሁሉም አዳረሰው።

ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዳ ይቀበላል። ጠዋት በአነስተኛ አውቶቡስ ተራራው ላይ ያለውን ገዳም ያሳያል፤ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹን ወደ ወይን ቅምሻ ይመልሳል። የዚያ ቅዳሜ ለየት የሚለው ግን የባለቆቡ የራሱ በርሜል የሚከፈትበት ቀን በመሆኑ ነው። ወይኑን ከገዳሙ አጥር ሥር ባለች ቁልቁለት መሬት ላይ ሦስት ዓመት ኮትኩቶ፣ ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ ጨምቆ ነው ያስቀመጠው። ባለቤቱም «ይህ በርሜል ካለፈ የምድር ቤቱ ኃላፊ አንተ ነህ፤ ከጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤትም ውሰዳትና አግባ» ብለውታል።

ታዲያ በዚያ ቤት አንድ የማይሻር ደንብ አለ። ወይኑን የሠራው ሰው ቀማሿ ሳትቀምሰው አይቀምሰውም፣ አያሸተውም። «የገዛ ልጁን አስቀያሚ ነው የሚል አባት እስካሁን አላጋጠመኝም» ይላሉ ባለቤቱ። እሷ ቀምሳ ካሳለፈችው በርሜሉ ላይ በነጭ ጠመኔ አንድ መስመር ታሰምራለች። ያ መስመር እስኪሰመር ድረስ ባለቆቡ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር።

ቀማሿ ሌሊቱን ስታስብ አደረች። ገዳሙ ላይ ልነግረው ነው አለች። እዚያ ጸጥታ አለ፣ አየር አለ፣ ባለቤቱ የሉም። በርሜሉ ሳይከፈት እነግረዋለሁ አለች፤ ቆርጣ ተነሣች።

አውቶቡሱ የሚያደርሰው ወደ ገዳሙ እስከሚያወጣው ደረጃ ሥር ነው። ከእንግዶቹ መካከል ቢጫ ባርኔጣ ያደረጉ ጡረተኛ መምህርት ነበሩ፤ በየአሥር ደረጃው ቆም እያሉ ይተነፍሳሉ።

«ልጄ፣ ይሄን ያቀደው ማነው?» አሏት። «ወይኑን አስቀድማችሁልን ቢሆን እኮ ይሄ ደረጃ ባልታወቀኝ ነበር።»

«ያኔ ደግሞ መውረዱን ማን ይችለዋል እትዬ?»

«መውረድማ በቂጥም ይወረዳል።»

በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ መነኩሴ ባለቆቡን በየቅዳሜው ስለሚያዩት የልጃቸው ያህል ነው።

«ቆቡን እንደሆነ አጥልቀሃል» አሉት። «እንግዲህ ምን ቀረህ? ግባና በሩን ልዝጋው።»

«ይቺን ይጠይቁልኝ አባ።»

መነኩሴው ዘወር ብለው አዩዋት። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «አንቺ ልጅ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አባ። ደረጃው ነው።»

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ድንጋዩ ላይ ጧፎች ተደርድረው ይነዳሉ። ባለቆቡ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ይሄ የሰም ሽታ አይጠገብም» አላት። «አይጠገብም» አለች። ነበልባሉን አየች፣ የሚንጠባጠበውን ሰም አየች። ከዚህ በፊት እንባዋ እንዲህ ቀርቧት አያውቅም።

እንግዶቹ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሲያዩ፣ ሁለቱ ወጥተው ከአጥሩ ላይ ተደገፉ። ከሥራቸው የእሱ ወይን ረድፍ ረድፉን ይዞ ይወርዳል። ከድንጋዮቹ መካከል ጦስኝ በቅሏል። አንድ ቅርንጫፍ ቀነጠበና በጣቶቹ አሽቶ ሰጣት።

«ከጎኑ ስለበቀለ ወይኑ ውስጥ ትንሽ የሚገባ ይመስለኛል» አላት። «ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። እስቲ ዛሬ ታገኚው እንደሆነ።»

«አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አለች።

«ንገሪኛ።»

ፀሐዩ ፊቱ ላይ ነው። አዲስ ጫማ የተገዛለት ልጅ ነው የሚመስለው። አሁን ብትነግረው በርሜሉ ዛሬ አይከፈትም። ጋሼ ከሌላ ቤት ቀማሽ ያስመጣሉ፤ የሚመጣው ደግሞ የሰው ወይን ጥሎ ሲሄድ ደስ የሚለው ያ ግንባሩ የተቋጠረ ሰውዬ ነው። ዛሬን ይለፍለት፤ ነገ እነግረዋለሁ አለች በልቧ።

«ምን ነበር?» አላት።

«ቆብህ ተንጋዷል» አለችና እጇን ሰድዳ አስተካከለችለት።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ላይ ቤት ዳቦና አይብ ሲቀርብላቸው፣ ሁለቱ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የበርሜሉን ቧንቧ ከፈተ፣ ብርጭቆዋን ሞላላት፣ ወደ ኋላ ሄዶ ቆመ።

ቀለሙን አየች። ጥርት ያለ፣ ጥቁር ቀይ ነው። አፍንጫዋን አስገባች፤ የመስኮት መስተዋት ላይ ግንባርን እንደ ማስደገፍ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማለፊያ የለም። ጎነጨች። ጎምዘዝ ይላል፣ ጥቂት ጣፋጭም አለው። ምላሷ የሚከስሰው ነገር አላገኘም።

የቀረው ፊቱን ማየት ነበር። አየችው። በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነበብ ነገር አጣች። እሱ አልቀመሰማ። ፊቱ ራሱ እሷን እየጠየቀ ነበር።

ስለዚህ ወይኑን ትታ ሰውየውን አሰበች። ያንን በርሜል ስንቴ እንዳጠበው ታውቃለች። በለቀማው ሰሞን እጁ ተሰነጣጥቆ ማንኪያ መያዝ እንዳቃተው ታውቃለች። የዚህ ሰው ሥራ መጥፎ ሊወጣ አይችልም አለች።

«ጦስኙ አለ?» አላት።

«አለ።»

ጠመኔውን አንስታ መስመሩን አሰመረች። እሱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ቆቡን ወደ ፊቱ ጎትቶ አለቀሰ።

ላይ ቤት ሲቀዳ መጀመሪያ የደረሳቸው ጡረተኛዋ መምህርት ናቸው። አሸተቱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አሸተቱ።

«እኔ እንግዲህ ወይን አላውቅም» አሉ። «ግን ይሄ ነገር ዝናብ የገባበት የመጽሐፍ ሣጥን ይሸታል። ትምህርት ቤታችን አንድ መጋዘን ነበረው፣ ልክ እንዲህ ነበር።»

አንዱ ሳቀ። ሌላው አሽትቶ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፤ ሦስተኛውም። ባለቤቱ የራሳቸውን አነሱና ወዲያው አራቁት።

«ሻገተ» አሉ። «አንዱ ጣውላ ሻግቷል።»

ይህ በየወይን ቤቱ የሚደርስ ነገር ነው። ማንም አይወቀስበትም። ደህና አፍንጫ በአንድ ትንፋሽ ያገኘዋል፣ በርሜሉ ወደ ጎን ይደረጋል፣ አለቀ። ቀማሽ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

«አፍንጫዬ፣ ይሄን ነው ያሳለፍሽው?»

ባለቆቡ ከጠረጴዛው አንድ ብርጭቆ አነሳ፣ አሸተተ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት። ፊት ማንበብ ተክናበት የለ፤ ሁሉንም አነበበችው። መጀመሪያ ሻጋታው ገባው። ቀጥሎ ጦስኙ። ቀጥሎ እሷ።

«እሷ የቀመሰችው ይሄን አይደለም ጋሼ» አለ። «ከጎኑ ካለው ቀድቼ ነው የሰጠኋት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ተሳስተህ ነው ወይስ አውቀህ?»

ባለቆቡ ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ። ባለቤቱ ወደ እሷ ዞሩ።

«እውነቱን ነው?»

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አፏን ከፈተች። እናቷ መጡባት፣ ትንሿ እህቷ በደብተሮቿ ላይ አጎንብሳ መጣችባት፤ አሥራ አምስት እንግዳ ዓይን ዓይኗን ያያል። አንገቷን ደፋች።

«ልብሱን ይሰብስብ» አሉ ባለቤቱ። «ከእንግዶቹ ጋር ይውረድ።»

ክፍሉ ድረስ ተከትላው ሄደች። ሁለት ሸሚዝ አጥፎ ሻንጣ ውስጥ እያስገባ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት፣ ቀና ሳይል።

«አራት ወር።»

«እንጋባ ያልኩሽ ሦስት ወሬ ነው።»

«አዎ።»

«ያመጣሁልሽ ጽጌረዳስ? እንዲህ ያለ ሽታ አላውቅም ብለሽኝ ነበር።»

«ፊትህን አይቼ ነው።»

ከሻንጣው አጠገብ ተቀመጠ። «ብትነግሪኝ እኮ እኔ አፍንጫ እሆንሽ ነበር። ከኋላሽ ቆሜ መጥፎውን ስትቀምሺ እስላለሁ፣ ለጥሩው ዝም እላለሁ። ማን ያውቅብናል? ምድር ቤቱ ስለሚበርድ ነው የሚያስለው ይላሉ።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ዛሬ ልነግርህ ነበር። አጥሩ ጋ።»

«ቆቤ ተንጋዶ ነበር?»

«አልተንጋደደም።»

 ውጭ ሹፌሩ ሞተር አስነሳ።

«ወይን ይበላሻል፣ ስለሱ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «እኔ የዋሸሁት ወድጄ ነው፤ እንድታድኚኝም አልጠበቅኩም። ግን ወደ መሬት ስታዪ አየሁሽ።»

«እወድሃለሁ።»

«ይሆናል» አላት፤ ቁጣ የለበትም፣ ድካም ነው። «ግን ይሄንንም ፊቴን አይታ ነው የምትለው እያልኩ እንዴት እኖራለሁ?»

ሻንጣውን አንስቶ ወጣ።

 ቀማሿ ወደ ምድር ቤት ሮጠች። ባለቤቱ የበርሜሉን ጣውላዎች አንድ በአንድ እያሸተቱ ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ጉንፋኑን፣ አራቱን ወር፣ ጠመኔውን። ሰምተው ሲጨርሱ በርሜሉ ላይ ተደገፉ።

«ስጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ሥራዬ ጋሼ። እናቴ...»

«የኔ ልጅ፣ ታመምኩ ያለ ሰው ከዚህ ቤት ወጥቶ ያውቃል? እንግዳ ትቀበዪ ነበር፣ ጠርሙስ ትቆጥሪ ነበር። አፍንጫማ ይገኛል።» ግንባራቸውን አሻሹ። «እሱንም ወይኑ ስለተበላሸ አይደለም ያስወጣሁት። ቀማሼን አታለለብኝ ብዬ ነው። በይ ሩጪ፣ ጥሪው።»

ሮጠች። ግቢው ባዶ ነበር።

ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ አውቶቡሱ በየመታጠፊያው ብቅ ይልና ይጠፋል። ጮኸች። ድምፅ የሚደርስበት አልነበረም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ብቅ አለ፣ ጠፋ። አራተኛው ላይ ብቅ አለና ቆመ።

በሩ ተከፈተ። አንድ ሰው ወረደ።

ከዚያ ርቀት ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ወደ መንገዱ ዳር ሄደ። ቀማሿ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትተነፍስ ጠበቀች። ሰውዬው ቀና ሲል ቢጫ ባርኔጣ ታየ። ከቀሩት ወይኖች አንዱንም ያልዘለሉት መምህርት ነበሩ፤ መታጠፊያው አልተስማማቸውም። አጎነበሱ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ተመልሰው ገቡ። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በየከተማው ባለ ወይን ቤት ሁሉ ስለ እሱ ጠይቃለች። ባለቆብ ሠራተኛ አላየንም ይሏታል። ምናልባት አውልቆት ይሆናል።

ያን ዕለት ግን አቧራው እስኪወርድ ቆማ አየችና ወደ ቅምሻው ክፍል ተመለሰች። ብርጭቆ የሚያጥበው እሱ ነበር፤ አሁን የሚያጥብ የለም። አሥራ ሰባቱንም ሰብስባ ውኃ ሞላችባቸው። አንዱን እሱ ይዞት ነበር። የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ሁሉንም አጥባ ደፋቻቸው።