እጄን ያሳማ ሰው

ሙስዮካ ሲስቅ አጠገቡ እንድትቆም ማንንም ሴት አልመክርም። እኔ ቆሜ አይቻለሁ።

የመለዋወጫ ሱቁ ግሮጋን መንገድ ላይ፣ መኪና ከምንጠግንበት ግቢ ፊት ለፊት ነበር። መጀመሪያ የሄድኩት የሰንሰለት መወጠሪያ ልገዛ ነው፤ ሞተር ውስጥ ተቀምጣ ሰንሰለቱ እንዳይላላ ገፍታ የምትይዘውን ትንሽ ብረት።

«ማን ላከሽ፣ እህት?» አለኝ።

«ማንም።»

«እና ማን ሊገጥመው ነው?»

«ከፊትህ የቆመችው። ሌላ ጥያቄ ካለህ ዕቃውን እየሰጠህ ጠይቅ።»

ሳቀ። ያን ጊዜ ዞሬ መሄድ ነበረብኝ።

መካኒክነትን ያስተማረኝ የለም። የተጣለ ሞተር እየፈታሁ፣ እየገጠምኩ፣ ተደብቄ እያለቀስኩ ነው የለመድኩት። የግቢው ወንዶች ቁልፍ ሊያበድሩኝ እንኳ ዓመት ፈጀባቸው። ሙስዮካ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ጊቴሪውን፣ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮውን፣ ይዞ ይመጣና ግሪስ የነካውን እጄን ሳልታጠብ ይይዘዋል።

«ልቀቀኝ፣ ሸሚዝህ ይቆሽሻል።»

«ሸሚዝ ይታጠባል» ይለኛል፤ ከዚያ ዝም እንላለን። በዚያ ዝምታ ውስጥ የመኪናው ጡሩንባ ሁሉ ይጠፋብኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ኪሲ፣ አባቴ ቤት የሚሄዱበትን ወር ሳይቀር ተነጋግረን ነበር።

በግቢያችን ወግ አሮጌው ዕቃ በአዲሱ ካርቶን ተደርጎ ለባለመኪናው ይመለሳል፤ መቀየሩን በዓይኑ እንዲያይ።

«ቤታቸው ወስደው ምን ያደርጉታል?» አለኝ ሙስዮካ አንድ ቀን። «ለምኝልኝ። እኔ ለብረት አቅላጮች እሰጠዋለሁ።»

ለመንኩለት። ካርቶኑንም ጨምረው ይሰጡኝ ነበር።

ከዚያ የማማ ቼቤት መኪና ጉድ አደረገኝ። ተማሪ የምታመላልስበት ነው። መወጠሪያውን በቀየርኩ በሳምንቱ፣ ጠዋት ስታስነሣው ሰንሰለቱ ዘለለና ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተላተሙ። ሞተሩ አበቃለት። ደግነቱ ልጆቹ ገና አልተሳፈሩም ነበር።

«የሰንሰለቱን ምልክት ሳታጋጥም ገጥማው ነው» አሉ ወንዶቹ፣ ደስ እያላቸው። የግቢው አለቃ ሙዜ ኦንያንጎም «ልጄ፣ ለጊዜው ዘይትና ጎማ ላይ ሁኚ» አለኝ።

ሙስዮካ ደረት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። «ማንም ይሳሳታል፣ የኔ ዓለም» አለኝ ጀርባዬን እያሻሸ። «እጅሽ ደክሞት ይሆናል።»

አመንኩት። ከዚያ ወዲያ ቡሎን ባጠበቅሁ ቁጥር ተመልሼ እነካው ጀመር።

በመጨረሻ የሙዜ ኦንያንጎ የገዛ መኪና ጠዋት ሲነሣ መንኳኳት አመጣ፤ የላላ ሰንሰለት ድምፅ ነው። «ይቺን ሥሪያት። ካበላሸሻት ግን ግቢው ውስጥ አልይሽ» አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ጀመርኩ። ባትሪውን ነቀልኩ። ክራንኩን፣ የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ በእጄ አዙሬ የሰንሰለቱን ምልክቶች አጋጠምኩ፤ ቫልቮቹን የሚከፍቱት ካምሻፍቶች እንዳይዞሩም አሰርኳቸው። መወጠሪያ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሳያስሩ የሚያወጡት ሰዎች የሞተር ገዳዮች ናቸው። አሮጌውን አውጥቼ ከሙስዮካ ሱቅ ያመጣሁትን አዲስ ከካርቶኑ መዘዝኩ። ያብረቀርቃል። ጀርባውን ገለበጥኩት።

ሦስት ነጥብ።

ከሞተር ያወጣሁትን አሮጌ ዕቃ ከአዲሱ ጋር እንዳይምታታብኝ ጀርባውን በሹል ብረት ሦስት ቦታ እመታዋለሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሙስዮካ የፋብሪካ ምልክት መስሎት ይሆናል። ለምኜ የሰጠሁት አሮጌ ዕቃ አዲስ ተብሎ ተመልሶልኛል።

ማንም እንዳይነካው የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩና መንገዱን ተሻገርኩ። ብረቱን ፊቱ አስቀመጥኩት።

አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ሳቁ ፊቱ ላይ መግቢያ አጣ።

«የማማ ቼቤትም እንደዚህ ነበር?»

ወደ በሩ አየ።

«ሙስዮካ!»

«ቀስ በይ... በቤንዚን አጥቤዋለሁ እኮ። ደህና ይመስል ነበር። ቶሎ እንድንጋባ ብዬ ነው፣ ኬሩቦ።»

«ደረትህ ላይ ሳለቅስ ታውቅ ነበር?»

«... አዎ።»

«እጅሽ ደክሞት ይሆናል አልከኝ!»

«ምን ልበል? ሱቄን ያቃጥሉታል!»

«እኔን ሲያቃጥሉኝስ አላየህም? ስማ። በሻይ ሰዓት ግቢው ሁሉ ይቀመጣል። መጥተህ ጥፋቱ የእሷ እጅ አይደለም በል። በአፍህ።»

ብረቱን አንሥቼ ወጣሁና ከሌላ ሱቅ መወጠሪያ ገዛሁ፤ ከመክፈሌ በፊት እዚያው ገለበጥኩት።

በሻይ ሰዓት ሙስዮካ መጣ። ማንዳዚ የሚሉትን ጥብስ ዳቦ ገዝቶ ለሁሉም አደለ። ሙዜ ኦንያንጎ አጠገብ ተቀመጠና አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ያዘ። አፉን ከፈተ።

«ዛሬ ሻዩ ስኳር በዝቶበታል» አለ።

ወንዶቹ ሳቁ። እኔ ተነሣሁ፤ ባለሦስት ነጥቡን ብረት ሙዜ ኦንያንጎ መዳፍ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ተናገርኩ።

ሙዜ ብረቱን አገላበጠ። «እውነት ነው?» አለው። ሙስዮካ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ፤ ማንም አልነካውም።

እኔ ወደ ሞተሩ ተመለስኩ። አዲሱን ገጥሜ ጨቁኖ የያዘውን መቆለፊያ ሽቦ ሳብኩ፤ መወጠሪያው ቀጭ ብሎ ሰንሰለቱን ወጠረው። ካምሻፍቶቹን ፈታሁ፤ ክራንኩን በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩ፤ ምልክቶቹ ቦታቸው ተመለሱ። ባትሪውን አሰርኩ። ሞተሩ ኮሽ ሳይል ተነሣ።

«ፉንዲ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለኝ ከወንዶቹ አንዱ፤ ባለሙያ ማለቱ ነው።

ማማ ቼቤት መጥታ አቅፋኛለች። ሱቁም አሁን ሌላ ሰው ቀለም ይሸጥበታል። ሰው ሁሉ ከሌባ ተረፍሽ ይለኛል፤ እኔም «ተመስገን» እላለሁ። ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ፤ ያን ቀን ስለ ስኳር ሳይሆን ስለ እጄ አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ፣ ሌባነቱን እያወቅሁ አገባው ነበር።