የአቶ ገብረጻድቃን ጨው

አቶ ገብረጻድቃን ቂርቆስ ባለው ቤታቸው፣ ምሳ እንደቀረበላቸው ሞተው ተገኙ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ልባቸውን ያማቸው ስለነበር ካዛንቺስ ያለ አንድ ክሊኒክ በሚያካሂደው የአመጋገብ ጥናት ይሳተፉ ነበር።

መርማሪ ሀዊ ከሽሮው ጎን ያለውን ብልቃጥ አነሳች።

«ጨው ነው?»

«የጥናቱ ነው» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ አጸደ። «በጨው ፈንታ ይኼን ብሉ ተባሉ። ይመራል። ‹ለሌላው በሽተኛ ይጠቅማል› እያሉ ቻሉት። ባለፈው ሰሞን ከክሊኒኩ ፍሬሰላም መጥታ ወስዳባቸው ነበር፤ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሌላ ብልቃጥ አገኘሁ። ‹ከክሊኒኩ መጣልኝ› አሉኝ፤ ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም።»

የጥናቱ የምግብ ባለሙያ ፍሬሰላም ክሊኒኩ ውስጥ ይህን ስትሰማ ፊቷ ገረጣ።

«ኩላሊታቸው ደክሞ ነበር። ይኼ ጨው ደግሞ ፖታሲየም ነው፤ ደም ውስጥ ሲበዛ ልብ ያቆማል። ምርመራው መብዛቱን ሲያሳይ ለዶክተር ዮአብ ነግሬ ሄጄ ወሰድኩባቸው።»

የጥናቱ መሪ ዶክተር ዮአብ ግን ትከሻውን ሰበቀ። «በሽተኛ ይዋሻል። ማለቴ፣ ቤቱ ምን እንደሚበላ ማን ያውቃል? ፍሬሰላምም ብትሆን ትረሳለች።»

«እርስዎ ቤታቸው ሄደው ያውቃሉ?»

«በፍጹም።»

በማግስቱ ሀዊ ሦስቱንም ሟቹ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ጨው ከክሊኒኩ እንጂ ከሱቅ አይገኝም» አለች። «ስለዚህ ወይዘሮ አጸደ ሊያመጡት አይችሉም። ፍሬሰላም ልትመልሰው ብታስብ ኖሮ መጀመሪያውኑ አትወስደውም ነበር። ዶክተር፣ የዚህ ቤት መግቢያ ጨለማ ነው፤ የጣራው ወራጅ እንጨትም ዝቅ ያለ ነው። እኔም ባልደረባዬም መጀመሪያ የመጣን ቀን ግንባራችንን ተመተናል። እርስዎ ከሁላችን ይረዝማሉ። አሁን በስልክ እያወሩ ሲገቡ ግን ልክ እዚያ ጋ ጎንበስ አሉ።»

ዮአብ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እንዲሞቱ አልፈለግሁም። ጥናቱን ሊጨርሱ ትንሽ ነበር የቀራቸው። እሳቸው ከወጡ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ በቃ ጥናቱ ይፈርሳል።»

«ምን ብለው ሰጧቸው?»

«ምርመራው ተሳስቷል አልኳቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

«አመሰገኑኝ።»

ዮአብ ወደ ፍሬሰላም ዞረ።

«የመጨረሻ የደም ግፊታቸውን መዝግበሻል አይደል? እንዴት ቆንጆ ሆኖ ወርዶ ነበር እኮ።»

ሀዊ ካቴናውን ስታጠልቅለት ቆዳው እንዳይነካት ተጠነቀቀች።