የጓድ ኮምፒዩተር ስህተት

«ጓድ ኮምፒዩተር ተሳስቷል» አለች እንኳየሁ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጇ እያራገፈች።

ሸዋረጋ የያዘችውን ረጅም ወረቀት ደግማ አየችው። ወረቀቱ የታተመው ቅዳሜ ቅዳሜ ከምትሄድበት ከአባቷ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያለው ኮምፒዩተር ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚባለውን ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ሲጽፉለት ፈትቶ መልሱን ያወጣል። ነገ የሒሳብ ክበቡ በእንግዶች ፊት ሲቀርብ፣ አንዱን ጥያቄ በማሽን እንዴት እንደፈታች የምታስረዳው ሸዋረጋ ናት። መምህር ቢያዝን መርጠዋታል።

እንኳየሁን ያንገበገባት ይኸው ነው። እሷ ከኮላ ድባ መጥታ፣ በኪራይ ቤት ተቀምጣ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ካልኩለስን ለብቻዋ ተምራለች። ሸዋረጋ ቁልፍ ተጫነችና ተመረጠች። ቁልፍማ ዶሮም ብትጭርበት አንዱን መንካቷ አይቀርም።

«የኔ መልስ ሳይን ነው፤ ያንቺው ማሽን ኮሳይን ይቀባጥራል። አንድ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው እንዴ?»

ሸዋረጋ ወረቀቱን አጠፈችው። «በቃ አንቺ አቅርቢው። ሄጄ ለቲቸር ልንገራቸው» ብላ ወጣች።

የእንኳየሁ ልብ እንደ ጥጃ ፈነጠዘ። የማሽኑን ስህተት ነገ በደንብ ልታጋልጠው ፈለገችና ሰሌዳው ላይ ከራሷ ጎን የገለበጠችውን የማሽኑን መልስ ደሪቬቲቭ ወሰደች፤ መልስ ልክ ከሆነ ደሪቬቲቩ ወደ ጥያቄው ይመልሳል። ከጥያቄው ጋር ገጠመ። አጥፍታ ደገመችው፤ አሁንም ገጠመ። የራሷንም ሞከረች፤ ያም ገጠመ። አንዱን ከሌላው ስትቀንስ የተረፈው ሳይንም ኮሳይንም የሌለበት አንድ ሩብ ብቻ ሆነ።

በየመልሱ ጫፍ የምትደመረውን ቋሚ ቁጥር እስከ ዛሬ እንደ ጌጥ ነበር የምታያት። ማንኛውንም ዋጋ ልትይዝ ስለምትችል ሩቡን የምትውጠው ግን ያቺው ቁጥር ናት። ሁለቱም መልሶች ልክ ነበሩ።

ዳስተሩን አነሣች። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። ሰሌዳውን ብታጠፋው የነገው መድረክ የሷ ነው። በመስኮቱ ሸዋረጋ ታየቻት፤ ወረቀቱን በብብቷ ሸጉጣ፣ ከመምህራን ክፍል በር ላይ ደርሳ፣ ለማንኳኳት እያመነታች።

እንኳየሁ ዳስተሩን አስቀምጣ መስኮቱን ከፈተች።

«ሸዋዬ፣ ተመለሽ። ወረቀቱን እንዳትጥዪው።»

«ምነው? ሌላም ስህተት አገኘሽ?»

«የተሳሳትኩትስ እኔ ነኝ። ነይ፣ ለምን እንደሆነ ላሳይሽ፤ ነገ ሲጠይቁሽ ታስረጃቸዋለሽ።»

ሸዋረጋ ገብታ ከሰሌዳው ፊት ቆመች። እንኳየሁ ጠመኔውን ልትሰጣት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ያን ማሽን ግን» አለች ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ፣ «ቅዳሜ ስትሄጂ እኔም መጥቼ አየዋለሁ።»

ከዚያ ጠመኔውን ሰጠቻት።